የሌላ ሰው እጅ

ስሙኝማ የይፋት ልጆች። የዛሬው ወሬ ሕንድ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ መነሻው ግን እዚሁ ከእኛው አፋፍ ነው።

ከታርማበር ጫፍ ቆሞ ወደ ደቡብ ያየ ሰው ሸንተረሩ ሳይበጠስ ተሰልፎ ሲሄድ ይመለከታል። በስተቀኝ ደጋው፣ በስተግራ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት ሙቁ ቆላችን። በዚያው ሸንተረር፣ ጉም በማይለየው አምባ ላይ፣ አንኮበር አለች። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነሥተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በአልዩ አምባ በኩል ሽቅብ ወጥተው አንኮበር ደረሱ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1841 ነው። አለቃቸው ካፒቴን ሃሪስ ይባላል፤ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ውሉ ብዙም ፍሬ አላፈራም። ከጓዛቸው መካከል ግን አንድ ሌላ ነገር ነበር። ዮሐን ማርቲን ቤርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሯቸው መጥቶ ነበር። ገደሉን፣ ገበያውን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ሰዉን ሁሉ እያየ ሣለ፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ ታተሙ። ዛሬ የዚያን ዘመን አንኮበር በዓይኔ ልየው የሚል ሰው የሚያየው በቤርናትዝ እጅ የተሣለውን ነው። የእኛን አገር በሌላ ሰው እጅ እናየዋለን ማለት ነው። እጁ የማን እንደሆነ ስለተጻፈ ግን አልተታለልንም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዘጠና ዓመት ግድም በኋላ፣ በጥቅምት 1925 ዓ.ም.፣ በዚያችው አንኮበር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አፈወርቅ ተባለ፤ አፈወርቅ ተክሌ። ገና ድክ ድክ ሲል ጣሊያን መጣ። ልጅነቱ በወረራ ዘመን አለፈ። ጠላት ሲወጣ አገሪቱ የተማረ ሰው ራባት፤ መንገድ የሚሠራ፣ ማዕድን የሚቆፍር፣ ፋብሪካ የሚተክል ሰው። ስለዚህ ልጆች ተመርጠው ወደ ውጭ ተላኩ። አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ እንዲመለስ ወደ እንግሊዝ ተላከ።

ልጁ ግን እጁ ለሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር። መምህራኑም አወቁበት። ምሕንድስናው ቀረና ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ገባ፤ መጀመሪያ ሴንትራል፣ ከዚያም ስሌድ የተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት። እስቲ አስቡት፤ መንግሥት ድንጋይ ፈልፍሎ ማዕድን እንዲያወጣ የላከው ልጅ ቀለም ይዞ ሲመለስ! እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥዕሎቹን አሳየ። ከዚያ እንደገና ወጥቶ አውሮፓን ዞረ። የዞረውም የፈረንጁን ሥዕል ብቻ ሊያይ አልነበረም። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የእኛን ብራናዎች ገልጦ የአባቶቹን ሐረግና ቀለም አጠና። የአንኮበር ልጅ የአገሩን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር ነበረበት።

ሲመለሱ (ከእንግዲህ አንቱ ልበላቸው፤ አድገዋልና) ሥራው ተከታተለ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ ሣሉ። ሐረር ላይ የራስ መኮንንን ሐውልት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም መስታወት ሠሩ፤ በሦስት መስኮት፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሲከፈት መስታወቱም አብሮ ታድሶ እንደገና ብርሃን አሳለፈ። «የመስቀል አበባ»ንና «እናት ኢትዮጵያ»ን ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ሲቀበሉ በዘርፉ የመጀመሪያው ተሸላሚ እሳቸው ናቸው። ፍሎሬንስ ያለው የኡፊዚ ሙዚየምም ራሳቸውን የሣሉበትን ሥዕል ተቀብሎ አስቀምጧል።

ታዲያ ሁሉም አልወደዳቸውም። ይህንን መደበቅ አይገባም። ከውጭ አዲስ አሳሳል ይዘው የተመለሱ ወጣቶች «የድሮ ነው፣ ጌጥ ይበዛዋል» አሉ። ንጉሡን አገለገሉ፣ ደርግን አገለገሉ፣ ከዚያ የመጣውንም አልተጣሉም ተብለው ተነቀፉ። ከስማቸው በፊት የሚደረደረው ማዕረግ ረዘመ ተባለ፤ «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» እየተባለ ነበርና የሚጠሩት። አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ራሳቸው ነድፈው ስላሠሩት፣ የአክሱምን የጎንደርንና የሐረርን አሠራር ስላቀላቀሉበት ቪላ አልፋም ብዙ ተወራ። የሐረሩ ሐውልታቸው በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈረሰ። ሠዓሊው ካለፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ሥራቸው ግን ከሙግት አላረፈም።

እኔ ይህ ሙግት አያስከፋኝም። ሰው የሚከራከርበት ሥዕል የታየ ሥዕል ነው። የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ሲነቀፍ፣ ሲወቀስ፣ ሲገፋ ይኖርና፣ ሲሞት ወይም ሲሰደድ ስሙ ዋጋ ያወጣል። ስሙ ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ እሱ ያልነካውን ሸራ በስሙ የሚሸጥ ሰው ይመጣል። በእኛ ቋንቋ ፎርጅድ የምንለው።

አሁን ሕንድ እንሂድ። እዚያ ይህ ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል።

መቅቡል ፊዳ ሁሴን የሚባል ሠዓሊ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለደ፣ በቦምቤይ ከተማ የሲኒማ ማስታወቂያ ሰሌዳ በመሣል ኑሮውን የጀመረ ሰው ነው። ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ቤቱን ሰሌዳ የሚጽፈውን ልጅ አትናቁት፤ ሁሴንም እንደዚያ መሰላል ላይ ቆሞ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድ ነፃ በወጣችበት ዓመት ሱዛ እና ራዛ ከሚባሉ ወዳጆቹ ጋር ሆነው የሠዓሊዎች ቡድን አቋቋሙ። የሕንድን ዘመናዊ ሥዕል መልክ የሰጡት እነሱ ናቸው። ሁሴን ጫማ አያደርግም ነበር፤ ነጭ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ረጅም ብሩሹን እንደ ከዘራ ይዞ፣ በባዶ እግሩ በዓለም ከተሞች ሲዞር ኖረ።

ይህ ሰው ሙስሊም ነው። የሚሥለው ግን የአገሩን ሁሉ ነገር ነበር፤ ፈረሱን፣ ገበሬውን፣ የሂንዱዎቹን አማልክትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አማልክቱን ያለ ልብስ ሣላቸው። ለሃያ ዓመት ግድም ማንም ምንም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ መጽሔት ሥዕሎቹን አንሥቶ ሲያወጣ አገር ተቆጣ። ክስ በክስ ላይ ተደራረበበት፤ በ1998 ቦምቤይ ያለው ቤቱ ተጠቃ። በ2006 አገሩን ጥሎ ወጣ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 «ሥዕሉ ነውረኛ አይደለም» ብሎ ቢፈርድለትም ሽማግሌው አልተመለሰም። በ2010 የኳታር ዜጋ ሆነ፤ በሰኔ 2011 በ95 ዓመቱ ለንደን ላይ ሞተ።

እናንተ ይፋቶች ይህ ነገር ይገባችኋል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን እየተያዩ የሚኖሩበት አገር ነው ያላችሁት። የሌላውን ቅዱስ ነገር መንካት ምን ያህል እንደሚያም ታውቃላችሁ፤ ሰውን ከአገሩ ማሰደድ ምን ያህል ግፍ እንደሆነም ታውቃላችሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው። እኔም እዚህ ተቀምጬ በሕንዶች ላይ አልፈርድም። የዘጠና አምስት ዓመት ሽማግሌ በሰው አገር መቀበሩ ግን ልቤን ይነካኛል፤ ይህንን ሳልል አላልፍም።

አያችሁ፣ ሁሴን ከሞተ በኋላ ምን ሆነ? በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. አንድ ሥዕሉ፣ በ1954 የሣለው፣ ኒው ዮርክ ላይ ወደ 13.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሲነቀፍ የኖረው እጅ ወርቅ ሆነ። የሐሰት ሁሴኖች ግን ያንን ዋጋ አልጠበቁም፤ በሕይወት እያለም በገበያው ውስጥ ይዞሩ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው የወዳጁ የራዛ ነገር ነው። ሰይድ ሃይደር ራዛ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ኑሮው ፈረንሳይ ነበር። በጥር 2009፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቱ፣ ዴልሂ ውስጥ የራሱ ሥዕሎች የሚታዩበትን ኤግዚቢሽን እንዲመርቅ ተጠራ። ሽማግሌው መጣ። አዳራሹ ተሰናድቷል፣ እንግዶች ተጠርተዋል። ራዛ ከአንዱ ሥዕል ፊት ቆመ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ እንደገና ወደሚቀጥለው። ስሙ ተጽፎበታል፣ እጁ ግን የለበትም። አብዛኞቹ የእሱ አልነበሩም። ሰው የገዛ ልጆቹ ናቸው በተባሉ እንግዳ ልጆች ተከቦ ሲቆም ምን እንደሚሰማው አስቡት። ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ።

ራዛ በሕይወት ነበረ። ዓይኑ አይቶ፣ አንደበቱ መስክሮ፣ የእኔ አይደለም ማለት ቻለ። ታጎር ግን አልቻለም። ታላቁ ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር፣ በ1913 የኖቤል ሽልማት የወሰደው፣ በስተርጅናው ሠዓሊም ነበር፤ የሞተው በ1941 ነው። በ2011 በገዛ ከተማው በካልካታ፣ በመንግሥት የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ውስጥ የእሱ ናቸው የተባሉ ሥዕሎች ተሰቀሉ። ተመርምረው ሃያዎቹ ሐሰት ናቸው ተባለ። ቦታው ጉልት ገበያ አልነበረም፤ ሥዕል የሚያስተምሩበት ቤት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያስጨነቀኝ።

አፈወርቅ በተወለዱበት ዘመን ሐረር ላይ ሌላ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው፣ ብራና ላይ የሚሥሉ ሊቅ ነበሩ። ልጁ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ቅኔውን የማያውቅ የለም፤ «አገሬ» የሚለው ግጥሙ በስንት ትምህርት ቤት ተነቧል። ሥዕሉ ግን አገር አጨቃጨቀ። ሰውና ዛፍ እንደ ሰውና እንደ ዛፍ የማይታይበት፣ ቀለሙ ብቻ የሚናገርበት ሥዕል ነበራ። «ጎልጎታ» ብሎ ስቅለቱን በደም ቀለም ሲሥለው፣ ቅዱስ ሥዕል በለመደው ዓይን ፊት ደፋር ነገር ነበር። «ይህ የፈረንጅ ነው» ያሉት ነበሩ። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከአፈወርቅ በዓመቱ፣ ያንኑ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀበለ።

በደርግ ዘመን ተሰደደ። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ሥራው ተበተነ፤ ጀርመን የቀረ አለ፣ በሰው ቤት ያለ አለ። ደግነቱ ጀርመን የነበሩት ተመልሰው መጥተው፣ በ2000 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ይህን የሠሩትን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ግን አስቡት። በሁከት ዘመን ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ምን ሣለ፣ ለማን ሰጠ፣ ለማን ሸጠ፣ ምን ጠፋበት፤ ይህን ሁሉ ማን መዝግቦታል? ነገ አንድ ደላላ ሸራ ጠቅልሎ «ይህ ከአንድ አሮጌ ባለሥልጣን ቤት የወጣ የገብረ ክርስቶስ ነው» ቢል፣ ራዛ እንዳደረገው ፊቱ ቆሞ የእኔ አይደለም የሚል የለም። ሰብሳቢው ይቸገራል፤ ከሰብሳቢው በላይ ግን የሚጎዳው ሟቹ ነው። ያልተናገረውን ነገር ተናገረ ይባላል። እስክንድር ቦጎሲያንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን የገዛለት እስክንድር በ2003 አሜሪካ ላይ አለፈ። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2023 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ የዓለም ገንዘብ ዓይኑን ወደ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች አዞረ። ገንዘብ ዓይኑን ሲያዞር ፎርጅድም አብሮ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «አባቶቻችንስ ሲቀዱ አልነበረም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። አዎን፣ ሲቀዱ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሥዕሉን ሥርዓት ከመምህሩ ይቀበላል፤ የማርያምን እጥፋት፣ የጊዮርጊስን ፈረስ፣ የመላእክቱን ዓይን እንደተሰጠው ይሥላል። ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ሥዕሉ ላይ ስሙን ያኖረው ፍሬ ጽዮን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

«ኲርዓተ ርእሱ»ን ተመልከቱ። ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ ሲታይ የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን ነገሥታቱ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር። ሠዓሊዎቻችን ለብዙ መቶ ዓመት እሱን እያዩ ሣሉ፤ በየገዳሙ፣ በየብራናው አምሳያው አለ። ማንም ግን «ዋናው የእኔ ነው» ብሎ አልሸጠም። አምሳያውን የሣለው ለጸሎት ነው። ዋናው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ዕለት፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጣው የሙዚየም ሰው በሪቻርድ ሆምስ እጅ ገባ። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱንና ይህን ሥዕል ለመኑ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ። ሆምስ ግን ለራሱ አስቀርቶት ነበር። በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፣ በ1950 እንደገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ዋናው የተሰረቀብን፣ አምሳያው ያጽናናን ሕዝብ ነን። መቅዳት ነውር ነው የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ይህን ይስማ።

ነውሩ የሚጀምረው መዋሸቱ ሲጀመር ነው። ያረጀ የብራና መጽሐፍ አለ፤ ሥዕል የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቱሪስቱ የሚወደው ሥዕል ነውና፣ ነጋዴው በባዶው ገጽ ላይ፣ ገፋ ሲልም ጽሑፉን ፍቆ፣ ትናንት የተሣለ ቅዱስ ያስቀምጥበታል። ብራናው እውነተኛ፣ ሥዕሉ ሐሰተኛ፤ በመካከል ግን የአንድ ጸሐፊ የወራት ድካም ተፋቀ። እንጨት ላይ የተሣለውን አዲስ ሥዕል ደግሞ ጭስ ላይ ሰቅለው ያጠቁሩታል፣ ቅባትና ጥላሸት ያሹታል፣ ጠርዙን ይቦርሹታል። ከዚያ «የአምስት መቶ ዓመት» ይባላል። ሁለት በደል በአንድ ጊዜ ነው። ገዢው ይታለላል፤ ያንን ሥዕል የሣለው ወጣትም በስሙ ተከብሮ መሸጥ የሚችለውን ሥራ በሙት ስም ይሸጣል። እሱን የምገሥጸው በአዘኔታ ነው፤ ያስገደደው ብዙ ጊዜ ደላላው ነው።

መያዣ መንገድ የለውም ወይ? ለአሮጌው አለ። ቀለም ዕድሜውን ይናገራል። በፋብሪካ የሚሠራው ደማቅ ሰማያዊ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተሣለ በተባለ ሥዕል ላይ ከተገኘ፣ ወይ በኋላ ተጠግኗል ወይ ሻጩ ዋሽቷል። ቲታኒየም የሚባለው ነጭ ቀለም ደግሞ ገበያ የወጣው በ1920 ግድም ነው። ጀርመን ውስጥ ቤልትራኪ የሚባል ሰው ለዓመታት የሟች ሠዓሊዎችን ሥራ አስመስሎ እየሣለ ሚሊዮኖች ሰበሰበ፤ የተያዘው በ1914 ተሣለ ባለው ሸራ ላይ ያ ነጭ ስለተገኘ ነው። በ2011 ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

የመንዝ ባና ገበያ ሲወጣ እናቶቻችን በጣታቸው ብቻ ዳብሰው የበጉን ጠጉር ከፋብሪካው ክር ይለዩታል። አፈወርቅንና ገብረ ክርስቶስን ግን እንዲህ ዳብሶ መለየት አይቻልም፤ ላቦራቶሪም ብዙ አይረዳም። የእነሱ የዘይት ቀለም ዛሬም ሱቅ ውስጥ አለ። ሸራውም አለ። የ1950ዎቹን አሮጌ ፍሬም መርካቶ ዞሮ መግዛት ይቻላል። ስለዚህ የእኛ ዘመን ሥዕል ምስክሩ ከሸራው ውጭ ነው፤ ወረቀቱ ነው። መቼ ታየ? የትኛው ኤግዚቢሽን ላይ? ማን ገዛው? ፎቶግራፉ የት አለ? በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ? በእያንዳንዱ መካከል ክፍተት ካለ፣ በዚያ ክፍተት የሚገባው ሐሰት ነው። ቤርናትዝን ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። መቶ ሰማንያ ዓመት ያለፈውን የአንኮበር ሥዕል የማን እንደሆነ የማንጠራጠረው ጉዞው ስለተመዘገበ፣ ሥራው ስለታተመ፣ ስሙ ስለተጻፈ ነው። የትናንቱ ገብረ ክርስቶስ ግን እንዲህ ሙሉ ሆኖ አልተመዘገበም። ይህ ያሳፍረኛል።

ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጠብቃል። አፈወርቅ ያረፉት ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ስለሆነ፣ «እናት ኢትዮጵያ»ን ያለ ወራሽ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ እስከ 2054 ዓ.ም. ድረስ አይቻልም። የገብረ ክርስቶስ ዘመን ግን 2023 ዓ.ም. ላይ ያልቃል፤ ደጃፋችን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ማባዛቱ ይፈቀድ ይሆናል፤ አዲስ ሥዕል ሥሎ የሱ ነው ማለት ግን መቼም ማታለል ነው። ጥንታዊ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣም አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ መንገደኛ የገዛው ዕቃ ቅርስ አለመሆኑን ከቅርስ ባለሥልጣን አስመርምሮ ማረጋገጫ ይዞ ነው የሚወጣው። ሕጉ የሚይዘው ግን ወደ ፊቱ የመጣለትን ነው። በየቤቱ ያለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ፣ አባታችሁ መምህር ወይም ሹም የነበረ፣ ግድግዳችሁ ላይ ከንጉሡ ዘመን የቀረ ሥዕል ካለ ጀርባውን አዙራችሁ እዩት። ማን እንደሰጣችሁ፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ በእርሳስ ጻፉበት፤ ፎቶ አንሡት። በማዘጋጃ ቤቱ ኤግዚቢሽን የታደለ በራሪ ወረቀት፣ ከሠዓሊ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ካገኛችሁ እንደ ቆሻሻ አትጣሉት። ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም ለእንዲህ ያለው ነገር በር አለው።

የደብረ ሲናና የአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት ገበዞችም አንድ ነገር ላንሣላችሁ። መቅደሱን የሣሉትን ሠዓሊዎች የሚያስታውሱ አዛውንት መሪጌቶች አሁንም አሉ። ከወሎና ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሁሉ በእኛ መንገድ ያልፋል፤ መጽሐፉም፣ ሥዕሉም፣ ደላላውም። ሽማግሌዎቹን ጠይቋቸው። የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ዓመት፣ ያሠራው ሰው፤ ሦስቱም በአንድ ገጽ ይገባሉ፤ ገጹም በንብረት መዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ።